ከደብረ ብርሃን ለጀልባ ሽርሽር የት ይሻላል? ጣና፣ ባቱ፣ ሐይቅ ወይስ ወንጪ

ሰሜን ሸዋ ውሃ አላጣም፣ ጀልባ ነው ያጣው። በሬሳውም ጀማውም ወንጭቱም ገደል ለገደል ሄደው ዓባይ ይገባሉ፣ በምሥራቅ በኩል ያሉት እነ ከሰምና ሮቢ ደግሞ ቆላውን ይዘው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፣ እኛ አፋፉ ላይ ቆመን ማየት ብቻ ነው ድርሻችን። ስለዚህ "ጀልባ ላይ ወጥቼ ደሴት ለደሴት ልዙር፣ ማታ ደግሞ ውሃ ዳር ያለች ከተማ ላይ አሳ በልቼ ልደር" ያለ ሰው ከዞናችን መውጣቱ ግድ ነው፣ ወዴት ይውጣ የሚለው ነው ጭቅጭቁ።

ከመስቀል በኋላ ይሄ ወሬ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየማኅበሩ፣ በየሰፈሩ ልጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይነሳል። አንዱ ጣና ይላል፣ አንዱ "ባቱ ቅርብ ነው እኮ" ይላል፣ አንዱ ቲክቶክ ላይ ያየውን ወንጪ ይለጥፋል፣ ከዛ ድምፅ ይሰጣል፣ ብዙ ላይክ ያገኘው ፎቶ ያሸንፋል። ፎቶ ላይ ደግሞ የማያምር ውሃ የለም። እኔ የምለው ሐይቁን ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር ጨርሱ፦ መኪናው ውስጥ የሚገቡት እነማን ናቸው፣ ስንት ሌሊትስ ታድራላችሁ። ሴቶች አሉ ወይ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ትልልቅ ሰዎች አሉ ወይ፣ ሕፃን አለ ወይ፣ የምትሄዱት ለመሳለም ነው ወይስ ለመዝናናት፣ ወይስ ሁለቱም ተቀላቅሎ ነው። ይሄ ከተወሰነ የሐይቁ ምርጫ ብዙ አያጨቃጭቅም።

መጀመሪያ መንገዱ። ደብረ ብርሃን ለተነሳ ሰው የሚገርመው ባቱም፣ ሐይቅም (የወሎው ሐይቅ እስጢፋኖስ ማለቴ ነው)፣ ወንጪም ርቀታቸው ተቀራራቢ መሆኑ ነው፣ ሦስቱም 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናቸው። አዲስ አበባ 130 ነው፣ ከዛ ባቱ (ዝዋይ የምንለው) ሌላ 160 ገደማ፣ ወንጪም በአምቦ ወይ በወሊሶ ዞራችሁ ያው ያንን ያህል ነው፣ ሐይቅ ደግሞ በተቃራኒው በጣርማበር ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢትን፣ ኮምቦልቻን፣ ደሴን አልፋችሁ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናት። ጣና ብቻ ነው እጥፍ የሚሆነው፣ በአዲስ አበባ ዞራችሁ ባሕር ዳር ለመግባት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ያስነዳል። ግን ኪሎ ሜትር ብቻ አትዩ። ወደ ባቱ አዲስ አበባን ከወጣችሁ በኋላ እስከ ሞጆ ፈጣን መንገድ ነው፣ ከሞጆ በመቂ ወደ ባቱም ፈጣኑ መንገድ ቀጥሏል፣ ሹፌሩ እግሩን ዘርግቶ ነው የሚነዳው። ወደ ሐይቅ ግን ጣርማበር አለ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣው ጠመዝማዛ አለ፣ ያው 300 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሰዓቱ ሌላ ነው።

ደሞ ሁሉም ሰው ደብረ ብርሃን አይደለም ያለው። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያላችሁ ሐይቅ ለእናንተ በር ላይ ነው ማለት ይቻላል፣ ባቱ ብላችሁ ተመልሳችሁ ጣርማበርን ለምን ትወጣላችሁ። ምንጃር አረርቲ ያላችሁ በሞጆ ስለምትወጡ ባቱን ቁርስ በልታችሁ ተነስታችሁ ለምሳ ትደርሱበታላችሁ። መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ያላችሁ ደግሞ በሙከ ጡሪ ስለምትወጡ የጎጃሙ መንገድ ለእናንተ ቀጥታ ነው፣ አዲስ አበባ መግባት ሳያስፈልጋችሁ ጣና ትሄዳላችሁ፣ በመንገዳችሁም ደብረ ሊባኖስን ተሳልማችሁ ዓባይ በረሃን ወርዳችሁ ነው የምትወጡት፣ ይሄ ራሱ ግማሽ ሽርሽር ነው። አንድ ነገር ግን ለሁሉም፦ የመንገዱ ሰላም ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፣ በተለይ ወደ ጎጃምና ወደ ወሎ የምትሄዱ፣ ስለዚህ መኪና ከመያዛችሁ በፊት እዛው ለሚኖር ዘመድ ወይ ለሆቴሉ ደውላችሁ ጠይቁ፣ "ባለፈው እገሌ ሄዶ ነበር" በሚል ወሬ አትነሱ። ጣናን በመኪና የማይደፍር ደግሞ ከቦሌ ባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ለሁለት ሰው ያዋጣል፣ ለኮስተር ሙሉ ሰው አያዋጣም።

እንግዲህ ጣና። ደሴት ለደሴት መዞር ከተባለ አገራችን ላይ እሱን የሚያክል የለም፣ ይሄን ክርክር ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም። 37 ደሴት አለው ይባላል፣ ብዙዎቹ ላይ ገዳም አለ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ በሰሜን ጫፍ ጎርጎራ። ግን "ጣና ሄድን" ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፣ ጣና ላይ አራት አምስት የተለያየ የጀልባ ጉዞ ነው ያለው፣ ሰው ሳይለያቸው ወደቡ ላይ ደላላ ያገኘውን ይሸጥለታል።

አጭሩ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አፍ ድረስ ሄዶ መመለስ ነው። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ትደርሳላችሁ፣ ጉማሬ ጠዋት ጠዋት ጆሮውንና ዓይኑን ብቻ አውጥቶ ይታያል፣ በደንገል ታንኳ እንጨትና አሳ የጫኑ ሰዎች አጠገባችሁ ያልፋሉ፣ ደብረ ማርያም የምትባለው ደሴትም እዛው አፉ ላይ ናት፣ ሴትም ወንድም ይሳለማታል። የወንዝ ደሴት ማየት ነው የምፈልገው ላለ ሰው ይቺን የመሰለች የለችም፣ በአንድ በኩል ሐይቅ፣ በሌላ በኩል ዓባይ መፍሰስ ሲጀምር ማለት ነው። ከባሕር ዳር ሲወጡ በ2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም አለ፣ 380 ሜትር ነው ርዝመቱ፣ ማታ መብራቱን ለማየት ብቻ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው።

የግማሽ ቀኑ ዘጌ ነው። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ዘጌ ራሷ ደሴት አይደለችም፣ ወደ ሐይቁ የገባች ባሕረ ገብ መሬት ናት፣ ግን በጀልባ ስትመጡ ደሴት ነው የምትመስለው። ከወደቡ ወጥታችሁ በቡና ጫካ ውስጥ ሽቅብ ትሄዳላችሁ፣ መንገዱ ድንጋይና ሥር ነው፣ ጫማ አስቡበት፣ ዳር ዳሩን ልጆች ትንንሽ የደንገል ታንኳ ሠርተው ይሸጣሉ። ከዛ ዑራ ኪዳነ ምሕረት። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል፣ አባ በዘንጋቸው እያመለከቱ የየቅዱሱን ታሪክ ይነግሯችኋል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ በላዔ ሰብእ ያቺን ጥርኝ ውሃ ሲሰጥ፣ ግማሹን ከቤታችሁ ታውቁታላችሁ ግን በዛ መጠን ተስሎ ስታዩት ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ሰልፊ ይነሳና ሥዕሉን በሁለት ደቂቃ ዞሮ ይወጣል፣ እኔ ግን ጊዜያችሁን እዚህ ጨርሱ ነው የምለው፣ ሌላ ደሴት ቢቀርባችሁም ይቅር። ወደቡ አጠገብ ያለችው አዝዋ ማርያምም አለች፣ ጉልበት ለሚያማቸው እሷ ትሻላለች። ዘጌ ላይ ሴቶች ይገባሉ፣ ለዛ ነው ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሁሌ ዘጌን የምመክረው።

ምክንያቱም ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚሄድበት ነገር አለ። ክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አትገባም። ጣና ቂርቆስም እንደዛው። ክብራን ለባሕር ዳር ቅርብ ስለሆነ ጀልባዎቹ ከዘጌ ጋር አያይዘው ይሸጡታል፣ ወንዶቹ ይወጣሉ፣ ሴቶቹ ወይ ጀልባ ላይ ይጠብቃሉ ወይ አጠገቡ ያለችውን እንጦስ ኢየሱስን ይሳለማሉ፣ እሷ የሴቶች ገዳም ናት። ይሄ ቀድሞ ከታወቀ ችግር የለውም፣ ወደቡ ላይ ሲሰማ ግን ኩርፊያ ነው፣ እኩል ከፍለው ግማሹ ሰው ውሃ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላላ።

የሙሉ ቀኑ ደቅና ዳጋ ነው። በሞተር ጀልባ ለመሄድ ብቻ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ደርሶ መልሱን አስሉት። ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች፣ ሴትም ትገባለች፣ ሕንፃዋ የጎንደርን ግንብ ነው የሚያስታውሰው። ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ለደብረ ብርሃን ሰው የተለየ ነው። ከተማችንን የቆረቆሩት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1468 እ.ኤ.አ እዚሁ ደብረ ብርሃን አርፈው አፅማቸው ያለው ዳጋ ነው፣ ከአባታቸው ከአፄ ዳዊት፣ ከአፄ ፋሲልና ከሌሎቹም ነገሥታት ጋር፣ መስታወት ባለው ሣጥን ውስጥ ያሳዩአችኋል። በየቀኑ በስማቸው የተሰየመ ነገር አጠገብ የምናልፍ ሰዎች መቃብራቸው የት እንደሆነ ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንደምንመልስ እንጃ። የወንዶች ማኅበር ከሆናችሁና ሦስት ሌሊት ካላችሁ በቃ ዳጋ ነው፣ ሌላ አትጠይቁ። ሴቶችና ሕፃናት ካሉ ግን ስድስት ሰዓት ጀልባ ላይ አስቀምጦ ዳጋ ደጅ ላይ "እናንተ እዚህ ጠብቁን" ማለት ልክ አይደለም።

ጎርጎራ ከባሕር ዳር በጀልባ ሐይቁን ከደቡብ ሰሜን ማቋረጥ ነው። ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው የሕዝብ መርከብ በዛ በኩል ሲሠራ ኖሯል፣ ቀኑንና መኖሩን ግን ጠይቃችሁ እንጂ አስባችሁ አትሂዱ። የገበታ ለሀገሩ ሪዞርት ጎርጎራ ስለተሠራ አሁን ብዙ ሰው ከጎንደር በመኪና ነው የሚገባው፣ ጎንደርንም ልይ ላለ ሰው ይሄ ይሻላል። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም በብዛት የሚያስቸግረው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ በነደንቢያና ፎገራ በኩል ነው፣ በባሕር ዳር በኩል ለሚወጣ ጀልባ ብዙ አያሳስብም።

ባቱ ሌላ ዓይነት ነው። ጣና ትልቅ ነው፣ ባቱ ለሰው የሚመጥን ነው ብል ይቀለኛል። አምስት ደሴቶች አሉት፦ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላ፣ ደብረ ሲና። (የኛ ደብረ ሲና ሰዎች እዚህ ስማቸውን ሲሰሙ የሚያሳዩት ደስታ ራሱ ይታያል፣ ጎርጎራም ሌላ ደብረ ሲና ማርያም አለች፣ እንዳትምታቱ።) ደሴቶቹ ላይ የኖሩት የዛይ ሕዝቦች ናቸው፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው፣ ገበሬም አሳ አስጋሪም የሆኑ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ላይ ደብረ ጽዮን ማርያም አለች፣ በዮዲት ጉዲት ጊዜ ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዳ እዚህ ቆይታለች የሚል ትውፊት አለ፣ የቆዩ የብራና መጻሕፍትም አሉ። ቱሉ ጉዶ በጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፣ ከዛ ደግሞ ተራራ ነው፣ ትወጣላችሁ። ቅርቦቹ ደብረ ሲናና ገሊላ ናቸው፣ በግማሽ ቀን ሁለቱንም ዞሮ ለምሳ መመለስ ይቻላል።

ወደቡ ራሱ ትዕይንት ነው። አስጋሪዎቹ አሳ ሲገፍፉ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቁመታቸው የልጅ ያህል ሆኖ ተሰልፈው ቆሻሻውን ይጠብቃሉ፣ ፔሊካኖቹ ውሃው ላይ፣ ሕፃን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ጀልባውን ረስቶ እዛው ይቀራል። አንዴ ከኛ ሰፈር የሄዱ እትዬ ጀልባው ጫፍ ላይ ቆመው አልገባም ብለው ነበር።

"ማዘር ይግቡ፣ ምንም አይሆኑም" ይላቸዋል ጀልባ ነጂው።

"አንተ ልጅ፣ ዋና ትችላለህ?"

"እንዴታ! እዚሁ ነው ያደግኩት።"

"አንተማ ትወጣለህ። እኔን ማን ያወጣኛል?"

ልጁም አልተከራከራቸውም፣ ላይፍ ጃኬቱን አምጥቶ በነጠላቸው ላይ አጥልቆ ማሰሪያውን እያጠበቀ "እኔ ልወጣ ስል ይሄን ይያዙኝና አብረን እንወጣለን" አላቸው፣ በዛ ተስማሙ። ሲመለሱ ከሁሉ ቀድመው ፊት ወንበር ላይ ያየናቸው እሳቸውን ነው። ይሄን የማወራው ትልልቅ ሰዎች ካሏችሁ ለመጀመሪያ ጀልባ ባቱ ከጣና ይሻላል የምለው ለዚህ ስለሆነ ነው፣ ሃያ ምናምን ደቂቃ ሄዶ መሬት ማየት ሌላ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ዳር ሳያዩ መሄድ ሌላ።

ባቱ የሚጎድለው ነገር አለ እውነት ለመናገር። ከተማዋ ውሃ ዳር ናት እንጂ ውሃዋን ብዙ አትጠቀምበትም፣ እንደ ባሕር ዳር ዘንባባ ሥር ሐይቁን እያያችሁ አመሻሽ ላይ የምትንሸራሸሩበት ነገር ያን ያህል የለም። ከተማ ነው የምፈልገው ያለ ሰው ባቱ ጠዋት ጀልባውን ጨርሶ ከሰዓት ሐዋሳ ገብቶ ቢያድር ይሻለዋል፣ ሐዋሳ ደሴት ባይኖራትም አሞራ ገደል የአሳው ገበያ፣ የሐይቁ ዳር መንገድ፣ ማታው፣ ሁሉም አለ። በሁለት ሌሊት ሁለቱን ማያያዝ ይቻላል፣ ለመሥሪያ ቤት ቡድን የኔ ምርጫ ይሄ ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስን ብዙ ሰው የሚዘነጋው በስሙ ቀላልነት ይመስለኛል። ለሸዋ ሰው ግን ታሪኩ የቤት ነው፦ የቡልጋው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስን ከመመሥረታቸው በፊት ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ለዓመታት የተማሩት እዚህ ነው፣ 13ኛው ክፍለ ዘመን ላይ። በየግንቦቱም በየነሐሴውም ደብረ ሊባኖስ የምትሄዱ ሰዎች ጻድቁ የተማሩበትን አንዴ ብታዩ ምን አለበት። ገዳሙ ድሮ ደሴት ነበረ፣ አሁን ከመሬት ጋር ተያይዟል፣ ስለዚህ በእግርም በመኪናም ይገባል፣ ጀልባው ለመዞርና ለማየት ነው። ወደ ወንዶቹ ገዳም እዚህም ሴት አትገባም። ደሴት ለደሴት መዞር የለም፣ አንድ ሐይቅ ነው፣ ትንሽ ናት፣ ዙሪያዋ ተራራ፣ ጸጥ ያለች። ትንሽ ናት ብላችሁ ግን አትናቋት፦ ጣና ያንን ሁሉ ተንጣሎ ጥልቀቱ 15 ሜትር አይሞላም፣ ሐይቅ ግን 88 ሜትር ድረስ ትወርዳለች። ልጆች ዳር ላይ ይዋኛሉ ብላችሁ የራሳችሁን ልጅ እንዳትለቁ፣ ዳገት ላይ ያደገ ልጅ ዋና አያውቅም።

ወንጪ ለደብረ ብርሃን ሰው አዲስ አየር አይደለም፣ ብርዱ ያው የኛው ነው፣ አፋፉ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፣ እንደውም ከኛ ይብሳል። በ2021 እ.ኤ.አ የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መዝግቧታል፣ የገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ስለሆነች መንገዱም ማረፊያውም ተሻሽሏል። ጀልባው ግን አጭር ነው፣ ወንጪ ቂርቆስ ወዳለበት ደሴት ወስዶ ይመልሳል፣ አለቀ። ወንጪ የፈረስ፣ የእግር ጉዞ፣ የፍል ውሃ ቦታ ነው፣ ጀልባው ማጣፈጫ ነው። ጓደኛሞች ሆናችሁ በፈረስ ገደሉን ወርዳችሁ መውጣት ካማራችሁ ሂዱ፣ ለጀልባ ብላችሁ ግን 300 ኪሎ ሜትር አትንዱ።

ቢሾፍቱ ለልጆች ልደት ጥሩ ነው፣ ኩሪፍቱ ላይ ጀልባም ካያክም አለ፣ ደሴት የለም። አርባ ምንጭ ጫሞ ላይ የአዞ ገበያ የሚሉት የጀልባ ጉዞ በሕይወት አንዴ መታየት ያለበት ነው፣ ግን ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያንን ያህል መንገድ ካላችሁ እኔ ጣናን አስቀድማለሁ፣ ይሄ የኔ አድልዎ ነው።

እምነቱ የተለየ ሰው አብሯችሁ ካለ፣ አጣዬና ሸዋ ሮቢት በኩል ደግሞ ይሄ የተለመደ ነው፣ ጉዞውን ሙሉ በሙሉ የገዳም አታድርጉት። ጣና ላይ የዓባይ አፉን ጉዞ ጠዋት አድርጋችሁ ከሰዓት ጢስ ዓባይ ውረዱ፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እዛም ፏፏቴው ጋር ለመድረስ በትንሽ ጀልባ ዓባይን የሚያሻግሩበት ቦታ አለ። ውሃው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው የሚያምረው፣ በበጋ ለመብራት ስለሚጠለፍ ቀጭን ሊሆን ይችላል። ባቱ ላይም ወፎቹና ጉማሬው ለማንም ነው።

አሁን ጀልባ ስለመከራየት፣ ይሄ የትም ብትሄዱ አንድ ነው። ዋጋ የሚነገረው ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለም፣ ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ ስትሄዱ ይወደዳል፣ አሥር ስትሆኑ ለሰው የሚደርሰው ትንሽ ነው፣ ወደቡ ላይ ሌላ ቡድን ካገኛችሁ ተቀላቀሉ። ስትነጋገሩ "ዘጌ ስንት ነው" ብቻ አትበሉ፣ የትኞቹ ቦታዎች ላይ እንደሚያቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ነዳጁ ውስጡ መሆን አለመሆኑን ዘርዝራችሁ ጨርሱ። የገዳማቱ መግቢያ ለየብቻ ነው የሚከፈለው፣ በየአንዳንዱ ደሴት፣ ስለዚህ ዝርዝር ብር ያዙ፣ ሞባይል ባንኪንግ ደሴት ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ አይሠራም። ወደቡ ላይ የጀልባ ማኅበራት አሉ፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ መንገድ ላይ ተከትሎ "እኔ በርካሽ" ከሚላችሁ ይልቅ እነሱ ጋር ሂዱ። ላይፍ ጃኬቱን ቁጠሩ፣ በሰዉ ልክ ካልሆነ አትግቡ፣ የልጆች መጠን አለ ወይ ብላችሁም ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የለም።

ከሁሉ በላይ ሰዓቱ። ጣናም ባቱም ሰፊና ጥልቀት የሌላቸው ናቸው፣ እንዲህ ያለ ውሃ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ ቶሎ ይነሳል። ጠዋት መስታወት የሆነው ሐይቅ መሬቱ ሞቆ ነፋሱ ሲነሳ ከሰዓት ላይ ሌላ ሐይቅ ይሆናል፣ ጀልባዋ ትዘላለች፣ ውሃው ይረጫችኋል፣ ሰው ያስመልሰዋል። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ሌሊት ተነስቶ ቀትር ላይ ደርሶ በዛው ጀልባ ላይ መውጣት የሚባለውን ፕሮግራም አትቀበሉ፣ ባቱንም ቢሆን። ማታ ገብታችሁ እደሩ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ወይ አንድ ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ተገኙ። "በአንድ ቀን ደርሶ መልስ" የሚል ፓኬጅ ሲሸጥላችሁ ጀልባው ስንት ሰዓት ላይ ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱ ከሰባት ሰዓት በኋላ ከሆነ ተዉት።

ልብስ ላይ የኛ ሰው የሚሠራው ነገር አለ፣ ጋቢና ካፖርት ደርቦ ይወርዳል። ጠዋት ውሃ ላይ ይበርዳል እውነት ነው፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን ፀሐዩ ከላይም ከውሃው ላይ ተንፀባርቆም ነው የሚመታው፣ ኮፍያና ነጠላ ያዙ፣ ነጠላው ለገዳሙም ይሆናል። ባሕር ዳርም ባቱም የወባ አገር ናቸው፣ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አረንጓዴው የሚያምረው ያኔ ነውና አጎበር ያለው ማረፊያ ምረጡ፣ ማታ ረጅም እጅጌ ልበሱ። ዳር ላይ እግር ነክሮ መቀመጥም ይቅርባችሁ፣ ብልሃርዚያ አለ፣ ጣናም ዝዋይም ላይ። ጭጋጉና ወባው ቀነስ ብሎ ቀኑ የሚያምረው ታኅሣሥና ጥር ነው፣ ጥር ላይ ግን ጥምቀት ስላለ ባሕር ዳርም ጎንደርም ማረፊያ ይጠፋል፣ ወይ ቀድማችሁ ያዙ ወይ ጥምቀትን አሳልፉት።

አሳውን ደግሞ ከጀልባው በኋላ ብሉ። ቆሮሶውን ለብለብ አስደርጋችሁ፣ በሚጥሚጣና በአዋዜ፣ በእጅ ነው የሚበላው፣ አምባዛውን ለጉላሽ ተዉት። ባቱ ላይ አሳው ከወደቡ ሲወጣ አይታችሁ መርጣችሁ እዛው ታስጠብሳላችሁ፣ ባሕር ዳር ደግሞ ሐይቁ ዳር ያሉት ቤቶች ይሻላሉ። ዐቢይ ጾም ላይ ከሄዳችሁ ግን ከመነሳታችሁ በፊት አሳ የሚበላና የማይበላ ሰው ማን እንደሆነ ተነጋገሩ፣ አንድ ኮስተር ውስጥ ሁለቱም ወገን ይኖራል፣ ሽሮ አስቀድማችሁ ካላዘዛችሁ ግማሹ ሰው ምሳ ሳይበላ ነው የሚመለሰው።